ዲፈረንሻሌን ከመጣል ላዳኑልኝ መካኒክ

ይህን የምጽፈው ያለ አግባብ ከመኪናዬ ሊወጣ የነበረውን የኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ክፍል) ላተረፉልኝ አንድ አንጋፋ መካኒክ ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ አጥብቀው ስለጠየቁኝ አልጽፍም። ሙያቸውን ግን ሸሽጌ ብቀመጥ ውለታ በላ እሆናለሁ። አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፤ በደስታ አገናኛለሁ።

መኪናዬ አራቱንም ጎማዎች በሞተር ኃይል የምታንቀሳቅስ ናት። ፍጥነት ስጨምር ከኋላ በኩል ቀጭን የሚያፏጭ ድምፅ ትሰጥ ነበር። በዚያ ላይ የዲፈረንሻሉ ጎን ሁልጊዜ በዘይት እንደረጠበ ነው። ቀደም ብላ የገባችበት ጋራዥ ፓራኦሊዮ የሚባለውን የዘይት ማገጃ ጎማ ቀየረላት። ብዙም ሳይቆይ ማንጠባጠብ ጀመረች። ጎማው በድጋሚ ተቀየረ፤ በድጋሚ አንጠባጠበች። በመጨረሻ የተሰጠኝ ፍርድ «ዲፈረንሻሉ አብቅቶለታል፣ ሙሉውን ይቀየር» የሚል ሆነ። ፍርዱ ሲሰጥ ዲፈረንሻሉን ከፍቶ ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

እኚህ ባለሙያ ግን መኪናዋን ከማንሳታቸው በፊት መሪውን ያዙ። እኔን ከጎናቸው አስቀምጠው ሲነዱ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ ነዳጅ ይሰጣሉ፣ እግራቸውን ያነሳሉ፣ ሰፊ ቦታ ሲያገኙ መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛሉ። ምን እየፈለጉ እንደሆነ ስጠይቃቸው በትዕግሥት አስረዱኝ። መኪና ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል፣ መሪ ሲዞር የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ድምፅ በአብዛኛው የጎማ ኩሽኔታ ነው። ከመንገዱ ዓይነት ጋር የሚለዋወጥ ከሆነ ሳይመጣጠን የተበላ ጎማ ይጠረጠራል። ነዳጅ ሲሰጥና እግር ሲነሳ ጠባዩን የሚቀይር ከሆነ ግን ነገሩ ከኮሮናውና ከፒኞው፣ ማለትም ዲፈረንሻሉ ውስጥ ተያይዘው ከሚዞሩት ትልቁና ትንሹ ባለ ጥርስ ማርሽ ዘንድ ነው። የእኔዋ ከሦስተኛው ወገን ነበረች። እስከዚያ ድረስ ድምፁን መስማት ብቻ ሳይሆን ለይቶ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

መኪናዋ ገና እንደሞቀች አራቱም ጎማዎቿ በእኩል ከፍታ እንዲሆኑ አድርገው ሰቀሏት። መጀመሪያ የፈቱት የማፍሰሻውን ሳይሆን ከላይ ያለውን የመሙያ ቡሎን ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለብዙዎቻችን ትርጉም የሌለው ይመስላል። ነገር ግን ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የመሙያው ቡሎን ዝጎ አልፈታ ቢል፣ ባዶ ዲፈረንሻል የያዘች መኪና ታቅፎ መቅረት ይመጣል። ቡሎኑ ሲላላ ታዲያ «ፍሽሽ» የሚል ድምፅ ወጣ፤ ታምቆ የቆየ አየር ነበር። ሰውየው ቁልፉን እንደያዙ ቀጥ አሉና «በሽታው ተገኘ» አሉ። ዘይቱን ገና አላዩም!

የዲፈረንሻል ቤት ላይኛው ክፍል አየር የሚወጣበትና የሚገባበት ትንሽ መተንፈሻ አለው። ጥርሶቹ ሲፋተጉ ዘይቱ ይሞቃል፤ ከዘይቱ በላይ ያለው አየር ይሰፋል፤ በመተንፈሻው በኩልም ይወጣል። መተንፈሻው በጭቃና በአቧራ ከተደፈነ ግን ያ ሁሉ ግፊት መውጫ ፍለጋ በጣም ደካማውን ቦታ ይመርጣል፤ እሱም የዘይት ማገጃው ጎማ ነው። ጎማውን መቶ ጊዜ ቢቀይሩት ግፊቱ እስካለ ድረስ መልሶ ያፈሳል። የእኔው መተንፈሻ ክዳኑ ላይ ጭቃ እንደ ሸክላ ደርቆበት ነበር። አውልቀው አጠቡት፤ በአፋቸው እፍ ብለው አየር ማሳለፉን አረጋገጡ፤ መልሰው ገጠሙት። የሁለት ጊዜ የጋራዥ ምልልስ ምክንያት በጥፍር የሚፋቅ ደረቅ ጭቃ ሆኖ ተገኘ።

የመተንፈሻው ጉዳይ ጎርፍና ወንዝ ለሚያቋርጡ ደግሞ የበለጠ ያሳስባል። የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ከውጭም ይስባል። መተንፈሻው ውኃ ውስጥ ከሆነ ወይም ማገጃው ጎማ ከደከመ የሚሳበው ውኃ ነው። ውኃ የገባበት ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል፤ ይህን ያየ ሰው ለነገ ሳይል ዘይቱን ይቀይር።

ወደ ዘይቱ ልመለስ። ትንሿን ጣታቸውን በመሙያው ቀዳዳ አስገብተው ወደ ታች አጠፏት፤ ደረቅ ሆና ወጣች። መኪናዋ በተስተካከለ ቦታ ላይ ስትሆን የዘይቱ ልክ የዚህ ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ነው። በብዙ አነስተኛ መኪኖች ዲፈረንሻሉ የሚይዘው ዘይት ከአንድ ሊትር ያልበለጠ ስለሆነ ትንሽ መጉደል ራሱ ይጎዳል። ከሁሉ ቀድሞ የሚራበውም የፒኞው ኩሽኔታ ነው፤ ዘይት የሚደርሰው በዋናነት ኮሮናው እየዞረ ሲረጭለት ነውና።

ከዚያ የማፍሰሻው ቡሎን ወጣ። ጫፉ ላይ ማግኔት አለው። በነጭ ጨርቅ ጠረጉትና ጨርቁን ወደ ብርሃን ይዘውት ወጡ። ግራጫ ጭቃ መሳይ ነገር ነበር። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል እያሹ አሳዩኝ፤ ልስልስ ያለ ነው፣ አይቆረቁርም። ይህ ጥርስ ከጥርስ ሲፋተግ የሚፈጠር የተለመደ ብናኝ ነው። ስባሪ ወይም እንደ መርፌ ጫፍ የሚወጋ ስንጣሪ ቢገኝ ኖሮ ያኔ ከፍተን እናያለን ነበር ያሉኝ። እኔም ጣቴን ነክሬ አሸሁት። ፍርድ እንዲህ በእጅ ሲዳሰስ ደስ ይላል።

የዘይት ምርጫው ላይ ደግሞ ጠንካራ ሰው ናቸው፤ ትንሽ ይቆጣሉም። በአብዛኞቹ የኋላ ዲፈረንሻሎች ውስጥ ያሉት ጥርሶች ሃይፖይድ የሚባሉት ናቸው። ፒኞው ከኮሮናው መሐል ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ጥርሶቹ መሽከርከር ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸው ይንሸራተታሉ። ይህን ጫና የሚችለው የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመም ያለው፣ ጂኤል-5 ደረጃ የተሰጠው ዘይት ነው፤ ያ የከረረ ሽታውም ከሰልፈሩ የመጣ ነው። ለብዙ በእጅ ለሚቀየሩ ካምቢዮዎች የሚስማማው ጂኤል-4 እዚህ አቅም ያንሰዋል። ውፍረቱ በብዙ መኪኖች 75ደብሊው-90 ቢሆንም መኪና ሁሉ አንድ አይደለም። መንሸራተትን የሚገድብ ክላች ያለበት ዲፈረንሻል የተለየ ቅመም የተጨመረበት ዘይት ይፈልጋል። ሆንዳ ደግሞ ባለ ሁለት ፓምፕ ለሆነው የኋላ ዲፈረንሻሉ የራሱን ዘይት ያዛል፤ በሱ ፋንታ ተራ የማርሽ ዘይት ቢገባ በጠባብ ቦታ ሲታጠፉ ማጉረምረምና መንቀጥቀጥ ይከተላል። በአንዳንድ መኪኖች ከዲፈረንሻሉ ፊት ለፊት በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ መጋጠሚያ አለ፤ እሱም የራሱ ዘይት አለው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠር ወይም አንዱን ረስቶ መሄድ የተለመደ ስሕተት ነው። ስለዚህ እሳቸው የመመሪያውን መጽሐፍ ሳያዩ ዘይት አያፈሱም። «የዕድሜ ልክ ዘይት ነው፣ አይቀየርም» ለሚለው ወሬ የሰጡኝ ምላሽ አጭር ነው፦ የማን ዕድሜ?

ከዚያ ወደ ጎማዎቹ ዞሩ። ዲፈረንሻል የተፈጠረው መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ይህ ሥራ ከሞላ ጎደል ያርፋል። የአንዱ ጎማ ዙሪያ ከሌላው ካነሰ ግን ቀጥ ባለ መንገድም እረፍት የለም፤ አራቱንም ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ደግሞ ጫናው የፊትና የኋላውን ወደሚያገናኘው ክፍል ይተላለፋል። ጎማዎቼን በመለኪያ አንድ በአንድ ለክተው ሲመጣጠኑ አለፉ። አንድ ጎማ ብቻ ተበላሽቶ አዲስ ለመግዛት ለሚያስቡ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። መኪናዋ ተበላሽታ ብትጎተትም ሁለት ጎማዋ መሬት ላይ እንዳይሆን፣ ሙሉ በሙሉ ተጭና እንድትሄድ አስጠንቅቀውኛል።

አዲስ ማገጃ ጎማ፣ አዲስ ዘይት፣ ለቡሎኖቹ አዲስ ቀለበቶች ገቡ፤ ማንጠባጠቡ ቆመ። ፉጨቱ በጣም ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ይህን ደግሞ ገንዘቤን ከመቀበላቸው በፊት ነግረውኛል። የፒኞው ኩሽኔታ በዘይት እጥረት ትንሽ ሳይነካ አልቀረም፤ ድምፁ ከጨመረ እሱን መቀየር ግድ ይላል። ያ ሲሆን በኮሮናውና በፒኞው መካከል ያለው ክፍተት በመቶኛ ሚሊሜትር እየተለካ የሚስተካከል ስለሆነ መለኪያው የሌለው ሰው እጁን እንዳያስገባ አደራ ብለዋል። «አሁን ልቀይርልህ» ማለት ይችሉ ነበር፤ እኔም እሺ እል ነበር። አላሉም። የገባውን ዘይት ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ከፍተው ማግኔቱን ዳግም ሊያዩ ቀጠሮ ይዘዋል።

ወደ እሳቸው የምትሄዱ ሰዎች የመኪናችሁን የመመሪያ መጽሐፍ አትርሱ። ዲፈረንሻሉ መቼ ዘይት እንደተቀየረለት የሚያሳይ ወረቀት ካላችሁም ያዙ። ቢያንስ ግማሽ ቀን መድቡ፤ መኪናዋን ሳይነዱ አይፈርዱም፣ የወጣውን ሁሉ ሳያሳዩም አይዘጉም። ዘይቱን ራሳችሁ ገዝታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቆርቆሮው እንዳልተከፈተ እርግጠኛ ሁኑ። ጽሑፉን ከፊት እስከ ኋላ ያነቡታል፤ ካልተስማማ ይመልሱላችኋል።