ስኮርታ ጎማው በሩ ላይ ወይስ ከሥር? ያገለገለ ፕራዶ ልትገዙ ላሰባችሁ

በሁለት ወር ውስጥ አራት ሰው ጠየቀኝ። አራቱም ያገለገለ ቶዮታ ፕራዶ ሊገዙ ነው። አራቱም ሁለት መኪና አይተው ልባቸው ለሁለት ተከፍሏል። የአንዱ ስኮርታ፣ ማለትም መጠባበቂያ ጎማው፣ የኋላ በሩ ላይ ተሰቅሏል። የሌላው ከሥር ነው፣ ጎንበስ ካላላችሁ አይታይም። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። "የቱን ልውሰድ?"

ለሁሉም የመለስኩት አንድ ነው፤ በሩ ላይ ያለውን። ለምን እንደሆነ ግን በስልክ ተነግሮ አያልቅም። ስለዚህ ጻፍኩት።

ድሮ ጥያቄው እንዲህ አያስጨንቅም ነበር። አገር ውስጥ ያለው ካላማረን ከዱባይ እናስመጣለን። የዱባይ ነጋዴዎች ማስታወቂያቸው ላይ "ስፔር ዳውን" ብለው ለይተው ይጽፉታል፤ ስኮርታው ከሥር ነው ለማለት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። አሁን የምንገዛው እዚሁ ያለውን፣ እርስ በርስ የምንቀባበለውን ነው። የፊተኛው ባለቤት ያበላሸውንም አብረን እንገዛለን። ስኮርታው የተሰቀለበትን ቦታ ደግሞ ሲገዛ አጥብቆ የሚያይ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

ከራሴ ልጀምር። ከአሁኗ በፊት የነበረችኝ ፕራዶ ስኮርታዋ ከሥር ነበር። አሠራሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መከላከያው ላይ ባለችው ቀዳዳ ረጅሙን ብረት አስገብታችሁ ታዞራላችሁ፤ ሰንሰለቱ ይረዝማል፣ ጎማው ይወርዳል። አዲስ ሲሆን ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ያ ማውረጃ የሚኖረው የኋላ ጎማዎች አቧራና ጭቃ በሚረጩበት ቦታ መሆኑ ነው። ሁለት ክረምት ሳይነካ ከቆየ ይደርቃል። የኔም ደረቀ። መካኒኩ በዘይትም በመዶሻም ሞክሮ አቃተው። "ቀይሪው" አለኝ።

ጊዜው 2015 ነው። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ያገለገለ ኦሪጅናል 12,000 ብር አሉኝ። ጥቁር፣ የተቧጠጠ፣ ግሪሱ የተጋገረበት። እዚያው አካባቢ ሌላ ሱቅ ደግሞ በላስቲክ የታሸገ፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ 4,500 ብር። ባለሱቁ "ያው ነው፣ አንድ ናቸው" አለኝ። አዲሱን ገዛሁ።

ሰባት ወር ሠራ። ከዚያ ባሌ ውስጥ ከጎባ ተነስተን በሳነቴ አድርገን ወደ ደሎ መና ስንወርድ ሪራ ላይ ለሻይ ቆምን። የሳነቴ መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣና በሐረና ጫካ ውስጥ ይወርዳል፤ ጠጠርና ጉድጓድ ነው። ባለቤቴ ከኋላ ዞሮ "ይሄ የተንጠለጠለው ምንድን ነው?" አለኝ። ሰንሰለቱ ብቻ መሬት ይልሳል። ጎማው የለም። ጎንበስ ብዬ የመጨረሻዋን ቀለበት በእጄ ያዝኳት። ተከፍታ እንደ መንጠቆ ሆናለች። የቀሩትን ቀለበቶች አየኋቸው፤ ጫፎቻቸው በብየዳ አልተገናኙም። መጋጠሚያው ላይ የአውራ ጣቴ ጥፍር ገባ። ያ ሁሉ ክብደት የተንጠለጠለው በታጠፈ ሽቦ ላይ ነበር ማለት ነው።

ወደ ኋላ ተመልሰን እስከ ሳነቴ ጫፍ ፈለግን። አላገኘነውም። እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ ግን የጎማው መጥፋት አይደለም። ከኋላችን ሞተር ሳይክል እየተከተለን ቢሆንስ? ከ30 ኪሎ በላይ የሆነ ጎማ ድንገት መንገድ ላይ ሲወድቅ ባለሞተሩ የት ይገባል?

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። ኮፒው 4,500። በጠፋው ፋንታ የገዛሁት ጎማ 16,500። ያገለገለ ቸርኬ 11,000። መጨረሻ ላይ መጀመሪያ የተውኩትን ኦሪጅናል ማውረጃ በዚያው በ12,000። ድምር 44,000 ብር። በመጀመሪያው ቀን 12,000ውን ብከፍል 32,000 ብር ከኪሴ አይወጣም ነበር። ይህ ደግሞ ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጎማም አብሮ ወጣ። ዛሬ ያንን ስህተት የሚደግም ሰው ሂሳቡን ከኔ በላይ አድርጎ ይያዘው።

"እኔ ኦሪጅናሉን እገዛለሁ፣ በየጊዜውም ግሪስ አስቀባለሁ" ካላችሁ ጥሩ ነው። ግን ሌላም አለ። ኦሪጅናሉም ቢሆን ጭቃ ውስጥ አያድናችሁም።

በቾን ለምታውቁ፣ ከቱሉ ቦሎ ወደ ውስጥ ሲገባ ክረምት ላይ ያ ጥቁር አፈር ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። እዚያ የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። የኋላ ጎማ ሲተነፍስ መኪናው በዚያው በኩል ቁጭ ይላል። ስኮርታውን አወረድነው። መሬት ነካ፣ ግን አይወጣም! በመከላከያውና በጭቃው መካከል ያለው ክፍተት ከጎማው ስፋት ያነሰ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መኪናውን በክሪክ ማንሳት ያስፈልጋል። ክሪኩ ደግሞ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። የምግብ ሳህን ይዘን ተኝተን ቆፈርን። አንድ ገበሬ አባት ከቤታቸው ሳንቃ አምጥተው ክሪኩን አስቀመጡልን። ሳንቃውን ባያመጡልን እዚያው እናድር ነበር። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ሁላችንም ከራስ እስከ እግር ጭቃ ነበርን።

በሩ ላይ ያለው ስኮርታ ግን ዳዶው ተፈቶ፣ ጉልበት ላይ ደገፍ ተደርጎ ይወርዳል። መሬት መተኛት የለም። የጎማውን ንፋስም በየሳምንቱ ቆማችሁ ታያላችሁ። ከሥር ያለውን ንፋስ የሚያስለካ ስንት ሰው ነው? ስኮርታ ሲፈለግ እሱም ራሱ ተንፍሶ የተገኘባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአንዳንዱ ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። አንዳንዶቹ በሩ ላይ ስኮርታ ያላቸው የ"ፕራዶ 150" ሞዴሎች ሁለት የነዳጅ ታንክ አላቸው። ዋናው 87 ሊትር ነው። ሁለተኛው 63 ሊትር ይይዛል። ድምሩ 150 ሊትር ማለት ነው። ሁለተኛው ታንክ የተቀመጠው ስኮርታው ሊተኛበት ይችል የነበረው ቦታ ላይ ነው። ከሥር ስኮርታ ካለ ያ ታንክ የለም። የነዳጅ ሰልፍ ላይ ያደረ ሰው 63 ሊትር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሁሉም ባለበር ስኮርታ ሁለተኛ ታንክ አለው ማለት ግን አይደለም። ደላላ ቢምልላችሁም ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

አሁን የበሩን ጉድለት ልናገር፤ ልደብቅ አልፈልግም።

ትልቁ ማጠፊያው ነው። በሩ ራሱ ከባድ ነው፤ ጎማው ተጨምሮበት በኮረኮንች ላይ ዓመታት ሲንገጫገጭ ማጠፊያው ይበላል። በሩ ወደ ታች ይወርዳል። ሲዘጋ ካላነሱት አይገጥምም። ከዚያ አቧራ መግባት ይጀምራል፤ ሻንጣ ሁሉ ቡላ ይመስላል። የባሰው ደግሞ የፊተኛው ባለቤት ለማማር ብሎ ከፋብሪካው መጠን የሚበልጥ ጎማ አስገብቶ ከሆነ ነው። የ17 ቸርኬውን 265/65 ጎማ ወደ 285/70፣ ማለትም ወደ ሰፊና ረጅም ጎማ፣ ይቀይሩታል። አራቱ እግር ላይ ያምራል። አምስተኛው ግን በሩ ላይ ነው የሚሰቀለው። መሸከሚያው የታሰረባቸው ብሎኖች ዙሪያ ላሜራው ይሰነጠቃል። እኔ አሁን ያለችኝን ስገዛ እንደዚህ ነበረች። ያገለገሉ ማጠፊያዎች 7,000፣ ላሜራውን ከውስጥ አጠንክሮ መበየድና ቀለም 9,000፣ በድምሩ 16,000 ብር ወጣብኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፣ አልተነቃነቀም። ጎማውንም ወደ ፋብሪካው መጠን መለስኩት።

ሁለተኛው ጉድለት የበሩ አከፋፈት ነው። ፕራዶ የተሠራው በመንገዱ ግራ በኩል ለሚነዱ አገሮች ታስቦ ነውና ማጠፊያው በቀኝ በኩል ነው። እኛ ቀኝ ጠርዝ ይዘን ስንቆም በሩ ተከፍቶ እግረኛ መንገዱን ይዘጋል። መርካቶ ዕቃ ስጭን ሁልጊዜ በመኪና መንገዱ በኩል እዞራለሁ። ይህ አይስተካከልም፣ ይለመዳል። ቁልቁለት ላይ ስትቆሙ ደግሞ በሩን ከፍታችሁ አትልቀቁት።

የሌባን ነገር ብዙ ሰው ያነሳል። "በሩ ላይ ያለውን ይፈቱታል፣ ከሥር ያለው ይሻላል።" አይሻልም። ከሥር ያለውን ለማውረድ የሚያስፈልገው ያ ረጅም ብረት ብቻ ነው፤ ያም እያንዳንዱ ተመሳሳይ መኪና ውስጥ አለ። ሌሊት ተኝቶ የሚያዞር ሰው ደግሞ ለማንም አይታይም። ለሁለቱም መፍትሔው መቆለፊያ ነው። የበሩ ቀላል ነው፤ ቁልፍ ያለው ዳዶ ይገዛል። እዚህም ግን ኮፒ አለ። በ600 ብር የገዛሁት ለሦስተኛ ጊዜ ስፈታው የቁልፉ ጥርስ ተላልጦ ቀረ። የሰፈራችን ጎሚስታ ጠበብ ያለ ቡሶላ በመዶሻ መትቶ አስገብቶበት ነው የፈታልኝ። "እህቴ፣ ይሄ ከቆርቆሮ ነው የተሠራው" አለኝ፣ ቁልፉን እያገላበጠ። ጥሩውን በ3,500 ገዛሁ። ቁልፉን ከመኪናው ቁልፍ ጋር አንድ ላይ አሰርኩት። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ቤት የቀረ ቁልፍ ጂንካ ላይ አይጠቅምም።

ስለ ሌሎቹ አማራጮች ብዙ አልልም። ፖርቶመጋላ ላይ መስቀል ለሁለተኛ ስኮርታ ነው። ወደ ዳናኪል የሚሄዱ አስጎብኚዎች ሁለት ስኮርታ ይይዛሉ፣ አንዱ ላይ ይወጣል፤ ትክክል ናቸው፣ ያ የኤርታሌ ድንጋይ አንድ ጎማ ብቻ አይበላም። ግን ዋናውን ላይ አትስቀሉት። ከ30 ኪሎ በላይ ከራስ በላይ ማውረድ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ኩርባ ላይም መኪናውን ያወዛውዘዋል። ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ፣ በደንብ ካልታሰረ በግጭት ጊዜ ወደ ልጆቻችሁ ነው የሚመጣው። አፍንጫው ላይ ጎማ የሚሸከመውን የድሮውን ላንድ ሮቨር እወደዋለሁ፤ የኛ ኮፈን ግን ለዚያ አልተሠራም።

የቀረው በኋላ መከላከያ ላይ በሚዞር ክንድ መሸከም ነው። እውነተኛው ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ክብደቱን በሩ ሳይሆን ሻንሲው ይሸከማል። ከውጭ ለማስመጣት ወደ 2,000 ዶላር ነው፣ ጭነትና ቀረጥ ሳይጨመር። እዚህ አንድ ብየዳ ቤት በ65,000 ብር እንሠራለን ብለውኝ ነበር። ለሌላ ሰው የሠሩትን ሄጄ አየሁ። ክንዱ የሚዞርበት ቦታ ኩሽኔታ የለውም፤ ቱቦ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ግሪስ ተቀብቷል። ክንዱን ይዤ ስወዘውዘው ጫፉ ሁለት ጣት ያህል ሄደ። ገና አራት ወሩ ነበር። በ65,000 ብር በሩን አራት ጊዜ ማሠራት ይቻላል።

መኪና ልታዩ ስትሄዱ እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ስኮርታው ከሥር ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊታችሁ አውርዶ መልሶ ይስቀለው። "ይሠራል" የሚል ቃል አትቀበሉ። ሰንሰለቱን በጣታችሁ ፈትሹ፣ ቀለበቶቹ የተዘጉ ይሁኑ። በሩ ላይ ከሆነ፣ በሩን ግማሽ ክፈቱና ከእጀታው በኩል በሁለት እጅ ወደ ላይ አንሱት። ቀጭ ካለ ማጠፊያው ተበልቷል። ከዚያ የበሩን የውስጥ ሽፋን ገለጥ አድርጋችሁ በብሎኖቹ ዙሪያ በስልካችሁ መብራት እዩ።

ከጠየቁኝ አራተኛዋ የአክስቴ ልጅ ናት። ቅዳሜ አብረን ሄድን። ባለበሩን ፕራዶ አነሳሁት፤ ቀጭ አለ። ሽፋኑን ስገልጥ አንድ ብሎን አጠገብ ጣት የምታህል ስንጥቅ አለች። ሻጩ መጀመሪያ ተቆጣ። ስንጥቋን ሲያይ ዝም አለ። 40,000 ብር ቀነሰላት። ሰኞ ላሜራ ቤት አስገባናት፣ እኔን የሠሩልኝ ልጆች ጋ። 18,500 ብር ፈጀ። ሐሙስ ማታ ደወለችልኝ። "አዳምጪ" አለችና ስልኩን ወደ በሩ አስጠጋችው። በአንድ እጇ ገፋ ስታደርገው ሳይነሳ፣ ሳይንቋቋ፣ ጥብቅ ብሎ ገጠመ።