የአምፔር ገደብ ያለው የጠረጴዛ ፓወር ሰፕላይ፦ ከደብረ ብርሃን ጥገና ሱቅ

ለሞባይል ጥገና ፓወር ሰፕላይ (በባትሪ ፈንታ ለቦርዱ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ዕቃ) የምትገዙ ሁሉ ስለ ቮልቴጁ ከመጠየቃችሁ በፊት የአምፔር መገደቢያ ቁልፍ እንዳለው አረጋግጡ። እኔ የምሠራበት ባለ 30 ቮልት፣ 5 አምፔር ዕቃ አለው፤ የወደድኩትም በዚህ ነው። ከመንዝ ድረስ ስልኩን ይዞ ለመጣ ሰው ቦርዱን አቃጥዬ ልመልስለት አልችልም።

ቮልቴጁን 4 ላይ አደርግና ሁለቱን የመውጫ ገመዶች አነካክቼ አምፔሩን 0.5 ላይ አቆመዋለሁ። ከዚያ ቦርዱን አገናኛለሁ። ሾርት (ኤሌክትሪኩ በማይገባው አቋራጭ የሚያልፍበት ብልሽት) ካለው ቀዩ መብራት ይበራል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አምፔሩ ግን ከ0.5 አያልፍም። ደስ የሚለኝ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ቮልቴጁን ወደ 1 አወርድና አምፔሩን ትንሽ ጨምሬ ቦርዱን አልኮል እቀባዋለሁ። አልኮሉ ቀድሞ የደረቀበት ቦታ ላይ ያለው ዕቃ ነው የጋለው፤ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ሆኖ ይገኛል።

«ፊውዝ አለው አይደል?» የሚሉኝ አሉ። የፊውዝ ሽቦ ግሎ እስኪቀልጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ትራንዚስተር (ጅረትን የሚቆጣጠር ዕቃ) ከዚያ በፊት ይሞታል። የዚህ ዕቃ መገደቢያ ግን ጅረቱን፣ ማለትም አምፔሩን፣ በትንሽ ሬዚስተር (ጅረትን የሚቋቋም ዕቃ) እያሳለፈ ይለካዋል። ሬዚስተሩ 0.1 ኦህም ቢሆን በ5 አምፔር 0.5 ቮልት ያርፍበታል፤ ቮልቱ ከተወሰነው ሲያልፍ የመውጫው ትራንዚስተር ወዲያው የጅረቱን መንገድ ያጠብባል።

ጉድለትም አለው። መውጫው ላይ ያለው ካፓሲተር ከመገደቢያው በኋላ ስለተቀመጠ፣ ያጠራቀመውን ቻርጅ ማንም ሳይገድበው ይለቀዋል። ኤልኢዲ የምትሞክሩ ከሆነ ቮልቴጁን ዜሮ አድርጋችሁ አገናኙ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ማሳያው ከ10 ሚሊ አምፔር በታች ስለማያነብ፣ ጠፍቶ ባትሪ ለሚጨርስ ስልክ መልቲሜትር የግድ ነው።

ሙቀቱንም ተከታተሉ። ሾርት ላይ ሲቆይ ወደ ቦርዱ ያልሄደው ቮልቴጅ ትራንዚስተሩ ላይ ሙቀት ይሆናል። የደብረ ብርሃን ብርድ ያግዛል፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ያለው ስስ አየር ግን ሙቀቱን እንደ ቆላው አየር አያነሳም። ስለዚህ የኋላውን ቬንቲሌተር ከግድግዳ አርቄ ነው ያስቀመጥኩት።

ጅረቱን ከመገደብ ይልቅ ጨርሶ የሚቆርጥ ቁልፍ ያላቸውም አሉ። ለተሠራ ቦርድ የመጨረሻ ሙከራ ጥሩ ናቸው፤ ሾርት ለመፈለግ ግን አይሆኑም፣ የተበላሸው ዕቃ ሳይግል ያጠፉታልና።