የትኛው ጋራዥ ለየትኛው መኪና? ያልተበላሸ ዕቃ ላለማስቀየር

አንድ ጠዋት መኪናዬ አልነሳ አለች። ቁልፉን ሳዞር «ቀጭ፣ ቀጭ» ብቻ ነው። በግፊ አስነስቼ መጀመሪያ ያገኘሁት ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውዬው ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ቀና አለ። «ዲናሞው ሞቷል። ባትሪውም አብሮ ይቀየር። ሞተሪኖውንም ብናየው አይከፋም» አለኝ። ዲናሞ ባትሪውን የሚሞላው፣ ሞተሪኖ ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ ነው። ሰውዬው ግን በእጁ ምንም መለኪያ አልያዘም።

አላመንኩትም፣ ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። እዚያ የተቀበለኝ ልጅ ከምንም በፊት ቮልት መለኪያውን አወጣ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.5 ቮልት አሳየ። ሞተሩ ተነስቶ ሲለካ 14.2 ሆነ። «ይኸው እየው፣ ዲናሞው በደንብ ይሞላል» አለኝ። ከዚያ ጣቱን ወደ ባትሪው ራስ ቀሰረ። ማሰሪያው ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል። ፈታው፣ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገው፣ መልሶ አጠበቀው። መኪናዬ በአንድ ጊዜ ተነሳች።

አንደኛው ገመተ፣ ሁለተኛው ለካ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋራዥ ስመርጥ የሕንጻውን ማማር ትቼ ሁለት ነገር አያለሁ። ይለካሉ ወይስ ይገምታሉ? ዕቃው ሲቀየርስ ኪሱ የሚሞላው ማነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የካሊፎርኒያ ግዛት የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሲርስ የተባለውን ትልቅ ድርጅት ከሰሰ። መርማሪዎቹ ተራ ደንበኛ መስለው ወደ ድርጅቱ የመኪና ጥገና ማዕከላት ሄደው ነበር። ክሱም የማያስፈልግ ጥገና ትሸጣላችሁ የሚል ነው። ደንበኛ የሚቀበሉት ሠራተኞች በሸጡት ልክ ኮሚሽን ያገኙ ነበር፣ የሽያጭ ኮታም ነበረባቸው። ድርጅቱ በኋላ ያን ኮሚሽን አስቀረ። መካኒኩ ክፉ ሰው መሆን አይጠበቅበትም። ደሞዙ በሸጠው ዕቃ ልክ ከሆነ፣ ግማሽ የደረሰ የፍሬን ሸራ ዓይኑ ላይ ያለቀ ሆኖ ይታየዋል።

ወኪሉ ወይስ የግል ጋራዥ?

መኪናው ዋስትናው ካላለቀ ወኪሉ ጋር፣ ማለትም መኪናውን በፋብሪካው ስም የሚሸጠውና የሚጠግነው ድርጅት ጋር፣ መሄድ ይሻላል። በዋስትና የሚሸፈነውን ብልሽት ያለ ክፍያ የሚሠራው እሱ ነው። ፋብሪካው የራሱን ጉድለት አግኝቶ መኪናዎችን ለጥገና ሲጠራም እንዲሁ። የመኪናውን ሶፍትዌር ለማደስና አዲስ ቁልፍ ለማስተዋወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ አለው። ፋብሪካው ስለታወቁ ብልሽቶች የሚልካቸው ማስታወሻዎችም እጁ ላይ ናቸው።

ድክመቱ አንድም የእጅ ዋጋው ነው። ሌላው ብዙ አይወራለትም። እናንተን የሚያነጋግራችሁ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን የሚፈታው ሰው አይደለም። የምትሰሙት ከመካኒኩ ወደ ተቀባዩ የተላለፈውን ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ከሽያጭ ጋር ተቀላቅሎ። ደግሞ ወኪሉ ክፍሉን ከመጠገን ሙሉውን መቀየር ይቀናዋል። የዲናሞ ካርቦን ብቻ አልቆ ዲናሞው በሞላ ሊቀየር ይችላል።

«ሌላ ቦታ ሰርቪስ ካደረግህ ዋስትናህ ይቃጠላል» የሚሉም አሉ። ይህ በየአገሩ ሕግ ይለያያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የዋስትና ሕግ አምራቹ በደፈናው እንዲህ እንዲያስገድድ አይፈቅድም። ስለዚህ ከመፍራታችሁ በፊት የዋስትና ውሉን ራሳችሁ አንብቡት። ሰርቪስ ባደረጋችሁ ቁጥር ደረሰኙን አስቀምጡ፣ ላዩ ላይ ኪሎ ሜትሩና የዘይቱ ዓይነት ይጻፍበት።

የግል ጋራዥ ውስጥ ምርጡም መጥፎውም አለ። ባለቤቱ ራሱ እጁ ዘይት የነካው ከሆነ፣ ከሚፈታው ሰው ጋር ፊት ለፊት ትነጋገራላችሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስሙ የቆመው በደንበኛ ወሬ ስለሆነ አንድ ሰው ቢያታልል አሥር ያጣል። በሌላ በኩል መሣሪያ የሌለው፣ እያንዳንዱን ዕቃ እየቀየረ በእናንተ ገንዘብ የሚማርም አለ። «እስቲ ይህን እንሞክር» ከሦስት ጊዜ በላይ ከሰማችሁ ቁልፉን ተቀበሉ።

ዋስትናው ላለቀ መኪና እኔ የምመርጠው በአንድ ዓይነት መኪና ላይ ብቻ የሚሠራውን የግል ጋራዥ ነው። ያን ሞተር ሲፈታ የኖረ ሰው ድምፁን ሰምቶ የቱ ጋ እንደሚታመም ያውቃል። ካወቀ በኋላም ለክቶ ያረጋግጣል። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከወኪሉ ያነሰ ነው፣ ዕውቀቱ ግን ከወኪሉ ብዙም አይርቅም።

ፈጣን ሰርቪስና ቤት ድረስ የሚመጣው መካኒክ

ዘይትና ጎማ ብቻ የሚቀይሩት ፈጣን ቦታዎች ለዚያው ለዘይትና ለጎማ ጥሩ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው መኪናው ሊፍት ላይ ከወጣ በኋላ ነው። የተቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ይዘው ይመጡና «ይኸው» ይሏችኋል። ያ ፊልትሮ ከናንተ መኪና መውጣቱን በዓይናችሁ ካላያችሁ «መልስልኝ፣ ራሴ አየዋለሁ» በሉ። ከዚያ የሞተር ውስጥ እጥበት፣ የኢንጀክተር እጥበት፣ የዘይት ጭማሪ ይከተላል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ካልጠየቀው አሁን አያስፈልጋችሁም። በየስንት ኪሎ ሜትሩ ምን እንደሚቀየር የተጻፈበትን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ።

ቤት ድረስ የሚመጣ መካኒክ ለባትሪ፣ ለካንዴላና ለፍሬን ሸራ ይበቃል። አጠገቡ ቆማችሁ ሁሉን ታያላችሁ። ካምቢዮ ወይም ሞተር የሚያስወርድ ሥራ ግን በክሪክ ላይ አይሠራም።

አብዛኛው ማታለል የሚፈጸምባቸው ዕቃዎች

ፍሬን ቀዳሚው ነው፣ ምክንያቱም ሁላችንም እንፈራለን። «በዚህ ፍሬን ልጆችህን ይዘህ ትነዳለህ?» ሲባል ማን ይከራከራል? ቁጥሩን ማወቅ ግን ድፍረት ይሰጣል። አዲስ የፍሬን ሸራ ውፍረቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። 3 ሚሊሜትር ሲደርስ መቀየር አለበት። 6 ሚሊሜትር የቀረው ሸራ ገና ብዙ መንገድ ይሄዳል። ጎማው ወልቆ ሳለ ውፍረቱን ለክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ዲስኩም ቢሆን «ሳስቷል» በሚል ቃል አይቀየርም። ዝቅተኛው የተፈቀደ ውፍረት ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል። ለክቶ ከዚያ ቁጥር ጋር ማስተያየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ለሐቀኛው መካኒክም ልቁም። «የግራው ካለቀ የቀኙም አብሮ ይቀየር» ቢላችሁ ትክክል ነው። ሸራ በአንድ ጎን ብቻ ከተቀየረ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሊጎትት ይችላል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ። የታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ቀበቶ፣ ጊዜው ከደረሰም አትከራከሩ። በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ያኔ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ይወርዳል። መካኒኩ «የውኃ ፓምፑንም አብረን እንቀይር» ቢላችሁ፣ ፓምፑ በዚያው ቺንጋ የሚዞር ከሆነ ምክሩ የደግ ነው። ለብቻው ሲበላሽ ያንኑ ሁሉ እንደገና መፍታት ይመጣል።

ሾክ አብዞርበር ላይ ትንሽ እርጥበት መታየቱ ብቻውን መበላሸቱን አያሳይም። ዘይቱ እየወረደ ከሆነ፣ ወይም መኪናው ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ የሚነጥር ከሆነ ያኔ ይቀየራል።

ከፍሬን ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚበላው በቼክ ኢንጅን መብራት ነው። መካኒኩ ኮምፒውተር ይሰካና ኮድ ያወጣል። ኮዱ የሚናገረው የትኛው ልኬት እንደተዛባ ነው፣ የትኛው ዕቃ ይቀየር አይልም። ለምሳሌ ፒ0420 የሚባለው ኮድ የጭስ ማጣሪያው፣ ማለትም ካታሊስቱ፣ ሥራውን በሚገባ እየሠራ አይመስልም ይላል። ካታሊስት ውድ ስለሆነ «ይቀየር» ለማለት ይቸኩላሉ። ያንኑ ኮድ ግን ያረጀ የኦክስጅን ሴንሰር ወይም ትንሽ የጭስ ማውጫ ቀዳዳም ሊያመጣው ይችላል። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ደግሞ የነዳጅ ታንክ ክዳን በደንብ ስላልተዘጋ ብቻ መብራቱ ይበራል። «ኮዱ ይህ ነው፣ እሺ። ዕቃው መበላሸቱን በምን አረጋገጥክ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ መካኒክ በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል። ለምርመራ ሰዓቱ ቢያስከፍላችሁም አትሰስቱ፣ ከአንድ የተሳሳተ ካታሊስት እጅግ ይረክሳል።

ኦሪጅናል፣ ሌላ አምራች ወይስ ያገለገለ?

የመኪናው ፋብሪካ አብዛኛውን ዕቃ ራሱ አይሠራም፣ ከሌሎች አምራቾች ይገዛል። ያው አምራች በራሱ ካርቶን የሚሸጠው ዕቃ ብዙ ጊዜ ከኦሪጅናሉ እኩል ነው፣ ዋጋው ግን ይቀንሳል። ለፊልትሮ፣ ለካንዴላና ለኩችኔታ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ዕቃ ፍሬንና መሪ ላይ አላስገጥምም። ያገለገለ ዕቃ ለበር፣ ለመስታወትና ለመብራት ይሆናል። ለፍሬን ሸራና ለቺንጋ ግን በጭራሽ። ዋናው ማታለል ያለው ግን የኦሪጅናል ዋጋ ተከፍሎ ሌላ ሲገጠም ነው። ካርቶኑ ከመከፈቱ በፊት አሳዩኝ በሉ፣ የዕቃው ቁጥርም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

ሁለት ዋጋ ጎን ለጎን

ሥራው ከበድ ያለ ከሆነ ከሁለት ጋራዥ ዋጋ አስጽፉ። ለሁለተኛው የመጀመሪያው ምን እንዳለ አትንገሩት፣ ምልክቱን ብቻ ንገሩት። «ዲናሞ ለማስቀየር መጣሁ» ካላችሁ ዲናሞ ይቀይርላችኋል። «ጠዋት አይነሳም» ካላችሁ ግን ይፈልጋል።

ወረቀቶቹን ስታስተያዩ ከጠቅላላው ድምር በፊት ዝርዝሩን እዩ። «የፍሬን ሥራ» ብሎ አንድ ቁጥር የጻፈና ሸራውን፣ ዲስኩን፣ የእጅ ዋጋውን ለየብቻ የጻፈ እኩል አይደሉም። ሁለተኛው በትንሽ ቢወደድም እኔ እሱ ጋር እሄዳለሁ። ምን እንደምከፍል አውቃለሁ፣ ነገ ብመለስም የምይዘው ወረቀት አለኝ። ለሥራው የስንት ወር ወይም የስንት ኪሎ ሜትር ዋስትና እንደሚሰጥም አብሮ ይጻፍ። የወለቀው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስላችሁ መኪናውን ስታስገቡ አስቀድማችሁ ተናገሩ። አንዳንድ ዲናሞና ሞተሪኖ አሮጌው ለሻጩ ተመልሶ ይታደሳል። ያኔም ቢሆን ከመመለሱ በፊት ማየት መብታችሁ ነው።

መኪናው ተፈትቶ እያለ ስልክ የሚደወልበት ጊዜም አለ። «ስንከፍተው ሌላም አገኘን።» እውነት ሊሆን ይችላል፣ ሳይፈታ የማይታይ ብልሽት አለና። ስልኩ ላይ ግን እሺ አትበሉ። ፎቶና አዲስ ዋጋ በጽሑፍ ይላክላችሁ። «ይህ ዛሬ ካልተሠራ ምን ይሆናል? ሁለት ወር ይቆያል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተቻለ ሂዱ።

እኔ አንዴ እንዲህ ተደውሎልኝ ሄድኩ። መካኒኩ የፈታውን የጎማ ኩችኔታ እጄ ላይ አስቀመጠና «አሽከርክረው» አለኝ። አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ያንገራግራል። አዲሱን ከካርቶኑ አውጥቶ ሰጠኝ። ዞረ፣ ድምፅ የለውም። «ቀይረው» አልኩት።