የጡረተኞች የጠዋት ስፖርት በሰፈራችን ጂም፦ ከ3 ወር በኋላ

በ60 ዓመቴ ከመምህርነት ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስፖርት የማልሠራ ሰው እንደሆንኩ አስብ ነበር። ወደ ትምህርት ቤት በእግር መመላለሱ፣ ደረጃ መውጣትና መውረዱ፣ ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ፊት መቆሙ ሁሉ እንቅስቃሴ እንደነበር የገባኝ ከቀረብኝ በኋላ ነው። ጡረታ ትርፍ ጊዜ ቢሰጥም፣ ከሥራ ጋር የነበረውን እርምጃ ሳይታወቅ ይወስዳል፤ በተለይ ቆሞ ሲሠራ የኖረ ሰው ቤት ሲውል ሰውነቱ በቶሎ ይከብደዋል።

በአዲስ አበባ ሰፈራችን ያለው ጂም ለአረጋውያን ያዘጋጀው ፕሮግራም በሳምንት 3 ቀን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለ50 ደቂቃ ይሰጣል። ይህም የዓለም ጤና ድርጅት በትንሹ ከሚመክረው የ150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ጋር ይገጥማል። ከሁሉ የወደድኩት የሚዛን ልምምዱን ነው፤ አሰልጣኙ የወንበር መደገፊያ አስይዞ በአንድ እግር ያቆመናል፣ ቁርጭምጭሚታችን ሲንቀጠቀጥ አጠገባችን ሆኖ «ቀስ ይበሉ፣ አባባ» እያለ ይጠብቃል። በመጀመሪያው ቀን እስከ 4 መቁጠር ያቃተኝ ሰው ዛሬ ካልሲዬን ቆሜ አጠልቃለሁ።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አዳራሹ 2ኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ደረጃው መያዣ የለውም፤ ጉልበቷን የሚያማት አንዲት እናት በዚሁ ምክንያት አቋርጠዋል። ክፍያውም የ3 ወር በቅድሚያ መሆኑ በጡረታ አበል ለሚኖር ሰው ከባድ ስለሆነ፣ በየወሩ እንዲሆን ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አመልክተን መልስ እየጠበቅን ነው።