ዱባይ ላይ መጀመሪያ የሸጥኩት በርጩማዬን ነው

ባለፈው ጥር ዱባይ ነበርኩ። ለሽርሽር አይደለም። ወርልድ ኦፍ ኮፊ በሚሉት የቡና ትርኢት ላይ ቡናችንን ይዤ ሦስት ቀን ቆሜያለሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ጅማ ውስጥ የሚያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ነው፣ ያዋጣል?» ይለኛል። ፈረንጅ አራዳ ማኪያቶ ይዤ ስቀመጥ፣ ሄርማታ ሽንኩርት ስመርጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ለእያንዳንዱ መድገም ስለታከተኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ትርኢቱ ራሱ አንድ ነገር ነው። እኛን ይዞ የሄደው አገናኝ የሸጠልን «ሙሉ ፓኬጅ» ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የአገናኙን ስም አልጠራም። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ችግሩም የእሱ ብቻ አይመስለኝም።

ጅማ ዞን፣ ገራ ወረዳ ውስጥ ከአባታችን የወረስነው 11 ሄክታር የቡና መሬት አለን። ወንድሜ ማሳው ላይ ነው። እኔ ጅማ ሆኜ ባንኩን፣ ወረቀቱን፣ ስልኩን እይዛለሁ። ለዓመታት ቀይ እሸቱን ለሰብሳቢ እያስረከብን ነው የኖርነው። አምራች ራሱ በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ሲፈቀድለት እኛም ፈቃድ አወጣን። ከዚያ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ሁለት ዓመት አየነው። ገዢ የለማ!

አገናኙ የደወለው ይሄኔ ነው። «እህቴ፣ አንቺ ቡናሽን ብቻ ይዘሽ ነይ፣ ሌላው በእኛ» አለኝ። ግማሽ ቡዝ (ትርኢቱ ላይ ዕቃ ዘርግተው የሚቆሙበት ክፍል)፣ ቪዛ፣ ሆቴል፣ ከገዢዎች ጋር የተያዘ ቀጠሮ። 3,400 ዶላር፣ በብር ተመንዝሮ። ወንድሜ ዋጋውን ሲሰማ «በዚህ ብር ስንት የቡና ማድረቂያ አልጋ ይሠራ ነበር» አለ። እስከዛሬም አልተወኝም።

በጥሩው ልጀምር። ትርኢቱ ትልቅ ነው። የሚካሄደው ዱባይ ወርልድ ትሬድ ሴንተር ሲሆን የተጀመረው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ቡና ቆልተው የሚሸጡ፣ አስመጪዎች፣ የካፌ ባለቤቶች፣ ሁሉም አንድ ጣሪያ ሥር ይገኛሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከቡናችን ትልልቅ ገዢዎች አንዷ ናት። ለዚያ አካባቢ ሰው ደግሞ ዱባይ ቅርብ ነው። ቪዛው በሰዓቱ ወጣልኝ። ሆቴሉ ዴይራ ነበር፣ ንጹሕ፣ ከሜትሮ ብዙ የማይርቅ። እዚህ ላይ አገናኙን አላማም።

ቡዙ ጋ ስንደርስ ግን ሦስት ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ሶኬት ጠበቀን። ቦታው ወደ መጸዳጃ ቤት መሄጃው ላይ ነው። ከላይ የተጻፈው ስማችን አንድ ፊደል ጎድሎታል። እሱስ ይሁን። እኔ ጀበናዬን፣ ስኒዬን፣ ረከቦቴን ይዤ ሄጃለሁ። አዳራሽ ውስጥ ከሰል እንደማይፈቀድ ስለማውቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝቻለሁ። ብልጥ ነኝ ብዬ ነበር። ምድጃውን ስሰካው መብራቱ ድርግም አለ። የእኛ ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ የጎረቤቶቻችንም ጭምር።

ቴክኒሻኑ መጥቶ ሳጥኑን ከፈተና «500 ዋት» አለኝ። የእኔ ምድጃ 1,500 ነው። ለካ ትርኢት ላይ መብራት በልክ ነው የሚታዘዘው። አገናኙ ያዘዘልን ትንሹን፣ ለአምፖልና ለስልክ ቻርጀር የሚበቃውን ነው። የቡና ሰው እየወሰደ! እዚያው ልጨምር ስል፣ ቀድሞ ካዘዘ ሰው አስበልጠው አስከፈሉኝ። የሚቀጥሉልኝ ደግሞ በማግስቱ ነው ተባለ። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ከፊት ለፊታችን ካሉት ኬንያዎች በፔርሙዝ የፈላ ውሃ ስለምን ዋልኩ። የኢትዮጵያን ቡና ለማስተዋወቅ የኬንያ ውሃ። አባቴ ይህን ሳያይ መሞቱ።

ከቤት ይዤው የሄድኩት አንድ በርጩማም ነበር። ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ፣ የጅማ በርጩማ። ትርኢት ላይ ሰው ሁሉ እግሩን ያመዋል። ስለዚህ ቡዛችን ጋ የሚቆም አልጠፋም። ይቀመጣል፣ ይጠጣል፣ «ዋው» ይላል፣ ይሄዳል። በሁለተኛው ቀን አንድ ከኩዌት የመጣ የካፌ ባለቤት ሁለተኛውን ስኒ ጨርሶ «ስንት ነው?» አለኝ። ልቤ ዘለለ። የቡናውን ዋጋ በኪሎ ነገርኩት። እሱ በጣቱ ወደ ታች አሳየኝ። በርጩማውን ነው የጠየቀኝ! 200 ድርሃም ሸጥኩለት። ለሦስት ቀን ያየሁት ጥሬ ገንዘብ እሱ ብቻ ነው።

የተያዘልን ቀጠሮ አራት ነበር። አንደኛው የቡና ማሸጊያ ከረጢት የሚያመርት ሰው ነው። ሁለተኛው የመቁያ ማሽን ይሸጣል። ገዢ ብለው የላኩልን ሁለቱም እኛን ሊያስገዙን ነው የመጡት። ሦስተኛው ጭራሽ አልመጣም። አራተኛው የእውነት አስመጪ ነው፣ ከአውሮፓ። የጉዞዬን ትልቁን ትምህርት የሰጠኝም እሱ ነው፣ ሳያውቀው።

ከኋላችን የሰቀልነው ባነር ላይ በትልቁ «የጅማ ቡና» ተብሎ ተጽፏል። የአገሬ ስም ነው፣ ኮርቼበት ነው ያሠራሁት። ሰውየው ባነሩን ቀና ብሎ አየና «ጅማ 5?» አለኝ። ቡና ውስጥ ያለ ሰው ይገባዋል። ጅማ 5 ማለት ያልታጠበ (ከነቆዳው የደረቀ)፣ ደረጃ አምስት፣ በኮንቴይነር የሚገዛ፣ ከሌላ ቡና ጋር ተቀላቅሎ የሚቆላ ርካሽ ቡና ነው። ከእኛ በኩል የሚወጣው ቡና ለስንት ዘመን በዚህ ስም ነው ዓለምን የዞረው። ሰውየው ሊሰድበኝ አይደለም። «ጅማ» ሲባል የሚያውቀውን ዋጋ ነው የጠራው። የእኛ ደግሞ በቀይነቱ ተለቅሞ አልጋ ላይ የደረቀ ነው። ይህን ላስረዳ ስል ሰዓቱን አየ። ጎረቤታችን ሊሙን ተመልከቱ። «ሊሙ» ሲባል ሁሉም ጥሩ የታጠበ ቡና ነው የሚያስበው። ቡዙን የምትጋራኝ የሲዳማዋ ልጅም ስለ ስሟ ምንም ማስረዳት አላስፈለጋትም። ሲዳማ ብላ ጽፋ ቁጭ ማለት ነው።

በዚያው ቀን ሁለት ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ደገሙልኝ። ማታ ላይ ሁለት ቡዝ አለፍ ብለው የቆሙ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ አንጋፋ ላኪ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ቡናሽን ቀምሼዋለሁ። ጅማን ከላይ አውርጂው። ገራ በይ።»

«እንዴ ጋሼ፣ ገራን ማን ያውቀዋል?»

«ስለማያውቁት ነዋ የሚጠይቁሽ። የሚያውቁትን አይጠይቁም።»

በማግስቱ ጠዋት ነጭ ወረቀት ላይ «ገራ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩና «ጅማ» የሚለው ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፍቶኛል። ከጅማ ሄዶ የጅማን ስም መሸፈን ምን ይሉታል? ነገር ግን ወሬው የዚያኑ ቀን ተለወጠ። የት ነው? ከፍታው ስንት ነው? ዝርያው ምንድን ነው? ማለት ጀመሩ። ዱባይ ውስጥ ቡና የሚቆላ አንድ ሕንዳዊ ወጣት «74110 ነው 74112?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እነዚህ የቡና ዝርያ ቁጥሮች የወጡት እኮ ጅማ አጠገብ መልኮ ካለው የምርምር ማዕከላችን ነው። እኛ መልኮን በታክሲ አልፈነው የምንሄድ፣ ሰው እዚያ ቁጥሩን በቃሉ ይዞታል። 74ቱ የ1974 እ.ኤ.አ. መሆኑን ስነግረው ስልኩ ላይ መዘገበው። ከአጋሮ በኩል ያለው የዱሮሚና ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ እንደወጣም ያውቃል። ከእኔ በላይ ሰፈሬን ያውቀዋል ማለት ይቻላል።

ከዚያ ቅምሻ ጠየቀ። የጋራው የቅምሻ ጠረጴዛ ላይ አምስት ስኒ የእኛን ቡና ደረደርን። ውሃ ፈሰሰበት፣ አራት ደቂቃ ተጠበቀ። ልጁ አጎንብሶ አፍንጫውን ስኒው ላይ አድርጎ ከላይ ያቀረረውን በማንኪያ ገፋ አደረገው። አምስቱንም እንደዚያው። ሲቀዘቅዝ በማንኪያ እያነሳ በፉጨት ይምገዋል። ሦስተኛው ላይ ቆመ። ተመለሰ። አራተኛውን ቀመሰ፣ እንደገና ሦስተኛውን። ከዚያ ምንም ሳይናገር ሦስተኛውን ስኒ ከሌሎቹ ለይቶ ወደ እኔ ገፋው። ቀመስኩት። ሻጋታ ሻጋታ ይላል። አራቱ ማር ናቸው፣ አንዱ እንዲያ ነው።

ጥፋቱ የእኛው ነው። ጥር ላይ የእኛ ቡና ገና ከአልጋ አልወረደም። ለትርኢቱ ይድረስ ብለን የኅዳሩን ለቀማ በደንብ ሳይደርቅ አንስተን ፈለፈልነው። ገዢዎቹ ጥር ላይ የሚመጡት የአዲሱን ምርት ውል ለመነጋገር ስለሆነ ወሩ ለወሬ ጥሩ ነው፣ ለናሙና ግን አስቸጋሪ ነው። የቀድሞውን ዓመት ይዞ ሄዶ «አዲሱ እየደረቀ ነው» ማለት ይሻል ነበር። ልጁ ግን ሐቀኛ ነው። «አራቱን ከላክሽልኝ እገዛለሁ» አለ። ስንት? አምስት ጆንያ።

አምስት ጆንያ! አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዝ ጆንያ 320 ያህል ይወስዳል። የእኛ የዓመቱ ምርት ሁሉ ተራግፎ 110 ጆንያ ነው። ትልቁ ገዢ ኮንቴይነር ሙሉ ይላል፣ የለንም። ትንሹ ገዢ አምስት ይላል፣ መላኪያው ከቡናው ይበልጣል። እዚህ መሀል ላይ ነው አብዛኞቻችን ተንጠልጥለን የምንቀረው፣ እና ከመሄዴ በፊት ይህን የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም። መፍትሔው የመጣው ከእኚያው አንጋፋ ነው። ወደ ጀበል ዓሊ፣ ወደ ዱባይ ወደብ፣ የሚልኩት ኮንቴይነር አላቸው። «የአንቺን አምስት ጆንያ ከእኔ ጋር እናስገባዋለን፣ ወጪውን ትጋሪኛለሽ» አሉኝ። ባሕር ተሻግሬ ያገኘሁት ትልቁ ሰው ከአዲስ አበባ የመጣ ኢትዮጵያዊ ነው።

61 ቢዝነስ ካርድ ሰብስቤ ተመለስኩ። በሳምንት ውስጥ ለሁሉም ጻፍኩ። 14 መለሱ፣ ሦስት ናሙና ጠየቁ፣ አንዱ፣ ሕንዳዊው፣ ገዛ። ናሙናውን ዳግም በደንብ አድርቀን ነው የላክንለት፣ ከስልሳ ቀን በላይ ፈጀ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ከአገናኙ የደረሰኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በቴሌግራም የተላከ የተሳትፎ ሰርተፍኬት። እዚያም ላይ ስማችን ፊደሉ ጎድሎታል።

ስለዚህ ያዋጣል ወይ ለምትሉኝ፣ ትርኢቱን ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ ፓኬጁን ሁለት፣ እሱንም ለቪዛውና ለሆቴሉ። መጀመሪያ እንደ ጎብኚ ሂዱ። ቡዝ አትከራዩ፣ ናሙናችሁን ቦርሳ ውስጥ ይዛችሁ ዙሩ። ኬንያዎቹ እንዲያ ነው የጀመሩት፣ ራሳቸው ነግረውኛል። ቡዝ የግድ ካላችሁ የወለሉን ፕላን ሳታዩ፣ የሚያገናኟችሁን ገዢዎች ስም ሳትጠይቁ ብር አትክፈሉ። ስም ካልሰጧችሁ የከረጢት ሻጭ ነው የሚመጣላችሁ።

ሰሞኑን አገናኙ ደወለ። «እህቴ፣ ለዘንድሮ ጥግ ላይ፣ በሁለት በኩል ክፍት የሆነ ቆንጆ ቡዝ ይዤልሻለሁ» አለኝ።

«ስንት ዋት ነው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «ጠይቄ ልደውልልሽ» አለ። ሦስት ሳምንት ሆነው።