ሞተር ሳይክልን ከጋቢና ጀርባ ጭኖ መሥራት፦ የ14 ወር ልምዴ

በአሜሪካ በራሴ ትራክ 53 ጫማ ደረቅ ተሳቢ (ማቀዝቀዣ የሌለው ዝግ ተሳቢ) እየጎተትኩ የምሠራ ሹፌር ነኝ። ከጋቢናዬ ጀርባ የሞተር ሳይክል መጫኛ መድረክ ካስገጠምኩ 14 ወር ሆነኝ። የገዛሁት በስምንት ቀን ውስጥ እንድሠራ ሕጉ የሚፈቅድልኝን የ70 ሰዓት ጣሪያ ለማደስ የምወስደው የ34 ሰዓት ዕረፍት በየጊዜው ከከተማ በራቀ የትራክ ማረፊያ ውስጥ እያለቀ ስላስመረረኝ ነው።

ሊገዛ የሚያስብ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ ልኬቱን ይመርምር። በተለመደው ተሳቢ ኪንግ ፒኑ (ተሳቢው ከትራኩ ጋር የሚያያዝበት፣ ከሥሩ የሚወርደው ብረት) ከግንባሩ 36 ኢንች ያህል ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይገኛል፤ የተሳቢው ወርድ ደግሞ 102 ኢንች ነው። ስለዚህ ትራኩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግንባሩ ከኪንግ ፒኑ 36 ኢንች ብቻ ቢርቅም፣ ሲታጠፍ ጥጉ ዞሮ 62 ኢንች ተኩል ያህል ወደ ጋቢናው ይደርሳል። ቀጥ ብሎ በቆመ መኪና ላይ ለክቶ ይበቃል ማለት ሞተሩን በመጀመሪያው ጠባብ መታጠፊያ ላይ ማስጨፍለቅ ነው። የእኔ ያማሃ ቲደብሊው 200 ርዝመቱ 2.23 ሜትር ስለሆነ አግድም ሲቆም ከተፈቀደው 2.59 ሜትር ወርድ አያልፍም፤ መሪው ግን 82 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚይዝ፣ መጠባበቂያውን ጨምሮ ከጋቢናው ጀርባ እስከ ኪንግ ፒኑ 2.6 ሜትር አስፈልጎኛል።

ይህን ቦታ ያገኘሁት ፊፍዝ ዊሉን፣ ማለትም ኪንግ ፒኑ የሚቆለፍበትን የትራኩን ሳህን፣ ወደ ኋላ በመግፋት ሲሆን፣ ዋናው መዘዝም የመጣው ከዚያ ነው። ፊፍዝ ዊል ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ክብደቱ ከፊት አክስል ወደ ድራይቭ አክስሎቹ (ትራኩን ወደሚገፉት የኋላ አክስሎቹ) ይዞራል፤ ለእነርሱ የተፈቀደው ደግሞ 34,000 ፓውንድ ብቻ ነው። ሞተሩ 278 ፓውንድ ይመዝናል፤ መድረኩና ሞተሩን የሚስበው ዊንች 200 ያህል ይጨምሩበታል። በዚህ ምክንያት ከባድ ጭነት በያዝኩ ጊዜ በአቅራቢያው ያለ ሚዛን ላይ ሳልወጣ መንገድ አልጀምርም፤ ድራይቮቹ ከበዱ ከተባልኩም የተሳቢውን የኋላ አክስሎች ወደ ፊት አምጥቼ አስተካክላለሁ። ከ80,000 ፓውንዱ ጠቅላላ ጣሪያ የሚተርፈኝ በማነሱ ሁለት ጥሩ ጭነቶች አልፈውኛል። ክፍተቱ ሲሰፋ ነፋስ በጋቢናውና በተሳቢው መካከል ስለሚገባ፣ በጋሎን 7 ማይል ይሰጠኝ የነበረው ትራክ አሁን 6.8 ገደማ ይሰጠኛል።

ገጠማውን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ የከባድ መኪና ሻንሲ በሙቀት የጠነከረ ብረት ስለሆነ ሊበየድ አይገባም፤ የላይኛውና የታችኛው ከንፈሩም አይበሳም። የእኔ በሻንሲው ጎን ባሉ ቀዳዳዎች በቡሎን የታሰረ ሲሆን እስካሁን አንድም ስንጥቅ አላየሁበትም።

ያስደነገጠኝ የአየር ቱቦው ነው። በሦስተኛው ወር ጠዋት ትራኩን ስፈትሽ የሞተሩ መሪ ጫፍ ለተሳቢው ፍሬን አየር የሚያደርሰውን ቀዩን ቱቦ እየፈገፈገ ግማሽ ድረስ በልቶት አገኘሁ። ያ ቱቦ መንገድ ላይ ቢፈነዳ የተሳቢው ፍሬን በራሱ ይይዝ ነበር፤ ከኋላዬ የሚመጣውን መኪና ሳስብ ዛሬም ልቤ ይመታል። ከዚያ ወዲህ ቱቦዎቹን ከፍ አድርጌ በስፕሪንግ ሰቅያቸዋለሁ። ማሰሪያዎቹን ሕጉ ለጭነት እንደሚያዘው በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ፣ ከዚያም ቢበዛ በየ150 ማይሉ ወይም በየሦስት ሰዓቱ አያለሁ። መጀመሪያ ላይ የሞተሩን የፊት ሾኮች እስከ መጨረሻው ጨቁኜ አስር ስለነበር ዘይት መትፋት ጀመሩ፤ አሁን ግማሽ ያህል ብቻ ይወርዳሉ። የሸራ ልብሱንም ጥያለሁ፤ በነፋስ እየተርገበገበ የነዳጅ ጋኑን ቀለም ፍቆታልና። ከሁሉ የከፋው በዋዮሚንግ በኩል በአይ 80 አውራ ጎዳና ላይ ያገኘኝ የክረምት ጨው ነው፤ ሰንሰለቱንና የዊንቹን የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያ በአንድ ወቅት አበላሽቶብኛል።

ይህ ሁሉ ሆኖ መድረኩን አልቆጭበትም። ባለፈው ዐቢይ ጾም ከዴንቨር አጠገብ ለዕረፍት ቆሜ ሳለ ሞተሩን አወረድኩና አውሮራ ገባሁ፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ካስቀደስኩ በኋላ ሀቫና ጎዳና ላይ ትኩስ ሽሮና ጎመን በላሁ። ለዓመታት በጾም ወራት በዳቦና በድንች ብቻ መንገድ ስገፋ ለኖርኩ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይህች ሞተር 196 ሲሲ ብቻ ስለሆነች ኢንተርስቴት (ክፍለ ሀገራትን የሚያገናኝ ፈጣን አውራ ጎዳና) ላይ አልወጣባትም፤ ለከተማ መንገድ ግን አላነሰችኝም። የሞተር ሳይክል ፈቃድ ከሲዲኤሉ (ከከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱ) ተለይቶ እንደሚያስፈልግ፣ ለኢንሹራንሱም አስቀድሞ ማሳወቅ እንደሚገባ ልብ ይሏል።

ማቀዝቀዣ ተሳቢ ለሚጎትት ሰው ግን ይህን ዕቃ አልመክርም፤ ከግንባሩ ወጣ ብሎ የተሰቀለው ማቀዝቀዣ የቀረውን ክፍተት ይሻማዋል። እኔም ከዘንድሮ ጀምሮ በበረዶው ወራት ሞተሩን ቤት ትቼ፣ በመጋቢት መልሼ ልጭነው ወስኛለሁ።