ለሻሞ ሐይቅ ከፍለን ቦዬ አወረዱን

በጅማ በየበዓሉ ዋዜማ በቴሌግራም የሚለቀቀውን የጉዞ ማስታወቂያ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ዝሆን፣ አዞ፣ የሐይቅ ዳር ምሳ፣ ፎቶግራፍ ተካቷል፣ የቀሩት ወንበሮች ጥቂት ናቸው የሚለውን ማለቴ ነው። እኔም ዓይነቱን አውቀው ነበር፤ እያወቅሁ በገዛ እግሬ ሄጄ ገባሁበት።

ቃል የተገባልን የሦስት ቀን ጉዞ በዴዶ ወርዶ ጎጀብን ከተሻገረ በኋላ፣ ከጭዳ አልፎ በጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ዝሆንና ጎሽ አሳይቶን፣ በሶዶ በኩል አርባ ምንጭ የሚያደርሰን ነበር። በማግሥቱ ደግሞ አዞዎች ፀሐይ ሊሞቁ ዳር በሚወጡበት ሰዓት፣ የከሰዓቱ ነፋስ ሐይቁን ሳያናውጠው፣ በጀልባ የሻሞን ዳርቻ ልናይ ነበር። ለእኔና ለዐሥር ዓመት ልጄ የተጠየቀው 18,000 ብር ነው። ቀብድ ብቻ መክፈል ስችል፣ ሙሉውን ለሚከፍል 1,000 ብር ይቀነሳል ስለተባለ 17,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። ሥራዬ ሂሳብ ሹምነት ነው፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባሱ ሲመጣ ፖርቶ መጋላው ላይ ሸራና ጥቅል ገመድ አይቻለሁ፤ ለሻንጣዎቻችን መስሎኝ እንዲያውም ጥንቃቄያቸውን አመሰገንኩ።

ጭዳ ስንደርስ ሾፌሩ በስልክ ተነጋግሮ «የፓርኩ መንገድ በዝናብ ተቆርጧል፣ በሌላ በኩል እንሞክራለን» አለን። ይህን ሲል ከዚያው አቅጣጫ የመጣ አይሱዙ እስከ መስኮቱ አቧራ ለብሶ አጠገባችን ቆሞ ነበር። አየሁት፤ ነገር ግን አልጠየቅሁም። «ሌላ በኩል» የተባለው መንገድ ያደረሰን አንድ የቆርቆሮ መጋዘን በር ላይ ነው። ረዳቱ ሻንጣዎቻችንን አውርዶ በየጭናችን ካስታቀፈን በኋላ በቦታቸው የዝንጅብል ጆንያ ይደረድር ጀመር፤ ዐሥራ አራት ቆጠርኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ቆመን ስንጠብቅ የቀረበን የዱር እንስሳ አንድ ዝንጀሮ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም የልጄን ዳቦ ከእጁ ነጥቆ ሄደ። ረዳቱ «ይኸው፣ ጉብኝቱ ተጀመረ» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ መኪናው ፊቱን ወደ ሶዶ ሳይሆን ወደመጣንበት አዞረ። ስንጮህ፣ ጅማ ላይ መኪና ቀይረን በሌላ መስመር እንቀጥላለን ተባልን። ጅማ ከገባን በኋላ ግን ወደ መናኸሪያው ይሄዳል ስንል ወደ ቦዬ ታጠፈ። ሰዓቱ ዐሥራ አንድ ተኩል ገደማ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤ ከወንበሩ እንኳ አልተነሣም፤ ክርኑን መስኮቱ ላይ እንዳስደገፈ በጣቱ ወደ ውኃው እያመለከተ «ያውላችሁ ጉማሬ፤ ሻሞም ብትሄዱ ከዚህ የተለየ አታዩም» አለ። ከቄጠማው ባሻገር ሁለት ጆሮዎች ብቅ አሉና መልሰው ጠለቁ። በመኪናው ውስጥ የነበርነው ሁላችን ዝም እንዳልን ልጄ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ከትምህርት ቤት የመጣንበት ቦዬ ነው» አለኝ። ከቤቴ በባጃጅ የሚደረስበት፣ ማንም የጅማ ልጅ በነጻ የሚያየው ቦታ ነው። የምመልስለት ቃል አጣሁ።

ትናንት ቢሮአቸው ሄጄ ገንዘቤን ስጠይቅ፣ የተቀመጠችው ወጣት ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «አባቴ፣ ጉማሬ አላዩም እንዴ?» አለችኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። ደረሰኙን ተቀብላኝ ገለበጠችና በጥፍሯ አንድ መስመር አሳየችኝ፤ «የጉዞ መስመር እንደ ሁኔታው ሊቀየር ይችላል» ይላል። ከዚያም ማኅተሙን በድጋሚ መታችበትና መለሰችልኝ፤ ለምን እንደመታችው እስካሁን አልገባኝም።

የምትጓዙ ካላችሁ ከቀብድ በላይ አትክፈሉ፤ የደረሰኙን ጀርባም ሳትከፍሉ አንብቡ። ማስታወቂያው ዛሬ ጠዋት እንደገና ተለቋል፤ የዝሆኑ ፎቶግራፍ ያው ነው፣ ዋጋው ግን 500 ብር ጨምሯል።